የሁላችን እፍኝ ጨው

በጋና፣ ኬፕ ኮስት ከተማ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ለሆስፒታሉ የወሊድ ክፍል ፈሳሽ ሳሙና በበርሜል ስንሠራ፣ በማግስቱ እንደምታደርስላቸው ለአዋላጆቹ ቃል የገባችው አራባ ነበረች። ሳሙናውን የሚያወፍረው ጨው ነው። በጋራ ድስት ሁሉም እፍኝ ጨው ካልጨመረ በረከቱ ይጎድላል ስለምንል፣ አራባ ዞር ስትል እያንዳንዳችን በርሜሉ ውስጥ እፍኝ እፍኝ ጨመርን። ወፍሮ የነበረው ሳሙና እንደ ውሃ ቀጠነ።

«ነገ ምን ይዤላቸው ልሄድ ነው?» አለች አራባ።

«ጨው እንጨምርበታ» አለች ከመካከላችን ኤኩዋ።

«አንቺ እጅሽን ሰብስቢ። ጨው ሲበዛም ያቀጥናል።»

አራባ ጨዉን ለማለዘብ ውሃ በጣሳ ቀስ እያለች ጨመረች።

«የቀጠነውን በውሃ? እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለች ኤኩዋ።

አራባ አማሰለች። ማማሰያው እየከበዳት ሄደ፤ ሳሙናው ከጫፉ እንደ ማር ተዝለገለገ።

«ተመስገን» ብላ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ኤኩዋም ጠርሙሶቹን አቀረበች።