ለሙት ዓመት የመጣ ሲዲ

የሺ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ሲዲ ታከራያለች፣ ትቀዳለች፤ ሥራውን ማንም አላስተማራትም፣ ራሷ ነካክታ ነው የለመደችው። ለደንበኛ አፏ አያርፍም። ሲዲውን እንደ ድስት ክዳን አስቧጭሮ ለመጣ ሰው «በሬ አስተኝተህበት ነው?» ትለዋለች። ግን ታድነዋለች። በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር እያሸች፣ አበቃለት የተባለውን ታናግረዋለች።

እትዬ ጌጤ ከጉና ሥር በጠዋት ተነሥተው የመጡት ይህንኑ ሰምተው ነው። ልጃቸው ፈንታሁን የድጓ ተማሪ ነበር። ከመሞቱ በፊት እዚሁ ሱቅ ውስጥ የሺ እየቀዳችው አንድ ዜማ አዚሞ፣ ሲዲውን ለእናቱ ወስዶላቸዋል። እሷ ዘንድ የቀረው ቅጂ ኮምፒውተሩ ሲቃጠል አብሮ ሄዷል። እሁድ ሙት ዓመቱ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ ድምፁን ሊሰማ ነው። ሲዲው ግን ከሰሞኑ ገና ሲጀምር ይቆማል።

እትዬ ጌጤም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። አንበሳሜ ገበያ «ያረጀ ሲዲ ያድሳል፣ ዳግመኛም አያስጭርም» ተብሎ የሚሸጥ ቅባት ገዝተው ቀብተውታል። የሺ ሽታው ገና አፍንጫዋ ሲደርስ ሳቀች። እሷም ሞክራዋለች፤ ያብረቀርቃል እንጂ ጭረት አይሞላም። አይጎዳም፣ አይጠቅምም።

«ይኼስ ለፀጉርዎ ይሻል ነበር» አለችና ጠርጋ አየችው። አንድ ጭረት የለበትም። ገለበጠችው።

ጽሑፉ ባለበት በኩል፣ ከዳሩ ጀምሮ እስከ መሐሉ ተጠግቶ፣ ብርማው ሽፋን ተልጦ መስኮት ሆኗል። ጣቷ በወዲያ በኩል ታየ።

ምን ተለጥፎበት እንደነበር ጠየቀች። እትዬ ጌጤ ኮራ ብለው ነገሯት። በለቅሶው ቀን የሟች ዕቃ ወጥቶ ሲታይ፣ የሌላው ጎበዝ ጠመንጃና ካባ ይያዝለታል፤ የእሳቸው ልጅ ያለው ድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉርድ ፎቶውን ሲዲው ላይ አጣብቀው፣ ከፍ አድርገው ይዘው አለቀሱበት። ባለፈው ሳምንት ባለቤታቸው አያሌው ፎቶው ለሙት ዓመቱ ፍሬም ይግባለት ስላሉ፣ እትዬ ጌጤ ቀስ ብለው ላጡት። የሚያበራውን ጎን ግን ቅባቱን እስኪቀቡት ድረስ ጣታቸው ነክቶት አያውቅም።

የሺ ገባት። ሰው ሁሉ የሚያበራውን ጎን ይጠብቃል፤ እሱ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፣ ቢጫር ይታሻል። ድምፁ ያለው ግን ከጀርባው፣ ከቀለሙ ሥር ባለችው ስስ ብርማ ሽፋን ላይ ነው። እሷን የሚመልስ ሳሙናም ቅባትም የለም። ፈንታሁን ከፎቶው ጀርባ ተጣብቆ ቀርቷል።

«ምን ነካብኝ ልጄ?» አሉ እትዬ ጌጤ።

እውነት በመናገር ሰው ስታስቀይም የኖረችው የሺ «ቅባቱ ነው» አለች። «ሻጩ ሌባ ነው።»

እርግማኑ ወደ አንበሳሜ ይሄዳል ብላ ነበር። እትዬ ጌጤ መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት።

«የቀባሁትስ እኔ አይደለሁ?»

የሺ ቅባቱ ምንም አላደረገም ብትል፣ ቀጥሎ የሚመጣው የፎቶው ነገር ነው። ስለዚህ ሲዲ ከመሐል ወደ ዳር ስለሚነበብ መጀመሪያው ሳይተርፍ አልቀረም አለቻቸውና ማጫወቻው ውስጥ ከተተችው።

ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። «የሺ፣ ጀምሯል?» አለ ፈንታሁን። ከዚያ የራሷ ድምፅ፣ እንደ ልማዱ ቆጣ ብሎ፦ «ጀምሯል፤ ቶሎ በል፣ መብራት ሳይሄድ።» ልጁ ትንፋሹን ሳበ። ሲዲው እዚያው ላይ ቆመ።

እትዬ ጌጤ ይደገምልኝ አሉ። ደገመችላቸው። አሁንም ትንፋሹን ሳበ፣ አሁንም ቆመ።

«እሁድ ይህንኑ ይስሙት» አሉ።

የሺ ፊቷን ሳትመልስ፣ የእሷን ድምፅ ቆርጣ አውጥታ የእሱን ብቻ በሌላ ሲዲ ልትቀዳላቸው እንደምትችል ነገረቻቸው።

«ተይው ልጄ፤ የሚመልስለት ሰው ይኑር።»

የሺ አዲስ ሲዲ አነሣች። ከላስቲኩ አውጥታ፣ የሁለቱንም ድምፅ ሳትቆርጥ ቀዳችበት።