ዞር ሲል

"አባዬ ዘለለ" አለ ወንድምየው፣ ከእህቱ ኋላ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ኮምፒውተሩ እያሰገገ።

ፎቶ አንሺዋ የደረደረቻቸውን ፎቶዎች ወደ መጀመሪያው መልሳ እንደገና እንደ ፊልም አስኬደቻቸው። በያጅ የነበሩት አባታቸው ብረት ላይ አጎንብሰዋል፤ ጥቁሩን መነጽር ወደ ግንባራቸው ገፉ፤ ወደ በሩ መዞር ጀመሩ፤ ከዚያ እመር ብሎ ፊታቸው ሌላ ቦታ ተገኘ። መሐል ላይ አንድ ፎቶ ጎድሏል።

ጣጣው የመጣው ከእናታቸው ነው። ባለፈው እሑድ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሟች ባላቸውን ፎቶ ሲወለውሉ ድንገት እጃቸው ቆመ።

"መልኩስ ይኸው አለ" አሉ። "ስጠራው እንዴት ዞር ይል እንደነበር ነው የጠፋብኝ። ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።"

አላለቀሱም። የአደራ ዕቃ እንደ ጣለ ሰው አፍረው ነው የተናገሩት፤ ልጅቷን አንጀቷን የበላት ይኸው ነው። በሳምንቱ ወደ ፎቶ ቤቷ እንዲመጡ ነግራቸው፣ ከዚያ ወዲያ ከሥራ ባገኘችው ክፍተት ሁሉ ከዚህ ኮምፒውተር ፊት አልተነሳችም።

ቪዲዮ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። የወንድምየው ሰርግ ተቀርጿል፤ ግን ምን ያደርጋል! ሰውየው ቪዲዮ ቀራጭ ሲያዩ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ እጃቸውን ግራና ቀኝ ጥለው ግትር ይላሉ። ፎቶ አንሺ ፊት ደግሞ ባለበት ቁም ቢባሉ ማን ሰምቶ! ያክካሉ፣ ይዞራሉ፣ ያወራሉ። በቪዲዮ እንደ ፎቶ የሚደርቁ፣ በፎቶ እንደ ቪዲዮ የሚንቀሳቀሱ ጉደኛ ሰው ነበሩ።

ወንድምየው ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ መፍትሔ አያጣም። አንዲት ፎቶ ብቻ ወስዶ ሰው የሚያንቀሳቅስ ነገር ስልኩ ላይ ጭኖ አሳያት። አባትየው ዓይናቸውን አርገበገቡና ጥርሳቸውን ብልጭ አደረጉ። ፎቶ አንሺዋ ስልኩን መለሰችለት። አባቷ በዕድሜያቸው እንዲያ ስቀው አያውቁም።

"ይህን እማዬ እንዳታየው" አለችው። "እኔ የራሱን ነው የምፈልገው።"

የራሳቸው ደግሞ ነበራት። የመጀመሪያ ካሜራዋን የገዛች ሰሞን እጇን ልትፈታ ወደ አባቷ ብየዳ ቤት ሄዳ፣ አትንቀሳቀስ እያለች፣ እሳቸው እየተንቀሳቀሱ፣ በንዴት የካሜራውን መጫኛ ሳትለቅ ያነሳቻቸው ፎቶዎች። በመሐሉ እናትየው የተረሳ ምሳ ይዘው ብቅ ብለው ስማቸውን ሲጠሩ ሰውየው ዞሩ። ለፎቶ ሁሉም የተበላሹ ነበሩ፤ ለመጣል አልጨከነችም እንጂ። አሁን በተራቸው ደረደረቻቸው። ካሜራውን በእጇ ይዛ ስላነሳች ምስሉ ይወዛወዛል። እሷም ጠረጴዛው ላይ ብረት የሚጨመቅበትን ሞርሳ ምልክት አድርጋ እያንዳንዱን ፎቶ በእሱ ልክ አስተካከለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ያልተንቀሳቀሰው እሱ ብቻ ነበር።

የጎደለው ግን ዋናው ነው፤ እየዞሩ ሳቅ ያሉበት። እሱን አባቷ ያረፉ ጊዜ በፎቶ ቤት ወግ በኮምፒውተር ቱታቸውን አውልቃ ሱፍና ክራቫት አልብሳ፣ ከኋላቸው ሰማያዊ ቀለም ቀብታ ለግድግዳው አሳጥባዋለች። በዚያ ሐዘን መሐል ሱፍ ያለበትን በዋናው ፎቶ ላይ ደርባ አስቀመጠችው፤ ዋናው ጠፋ። ደንበኛ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ስህተት አትሠራም ነበር።

ከአጠገቡ ካለው ፎቶ ቱታ ቆርጣ ቀጠለችላቸው። አንገታቸው የተዋሱት መሰለ።

"ተይው በቃ" አለ ወንድምየው። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።"

"ወረቀት ነዋ ሥራዬ" አለችና ሱፍ የለበሰውን እንዳለ ከመሐል ከተተችው።

ሰውየው በቱታ አጎነበሱ፤ በቱታ መዞር ጀመሩ፤ ለቅጽበት በሱፍና በክራቫት ሳቁ፤ ተመልሰው በቱታቸው ወደ በሩ ተመለከቱ። ወንድምየው ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተና እናትየው ገቡ።

የምትደብቅበት ጊዜ አልነበራትም። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና ከፈተችው። እናትየው አንዴ አዩ። "መልሺው" አሉ። መለሰችው። በሦስተኛው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ይኸው" አሉ ቀስ ብለው። "መጀመሪያ ዓይኑ፣ ቀጥሎ ትከሻው። አንገቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚከተለው። ይኸው፣ እሱ ነው።" እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። ከዚያ፣ "ሱፉስ?" አሉ።

"ስህተት ነው እማዬ፤ የእኔ ጥፋት ነው። አስተካክለዋለሁ።"

"ምኑን ነው የምታስተካክይው?" እናትየው እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። "እኔን ሲያይ ነዋ። ቶሎ ለብሶ ቶሎ አወለቀው።"

ወንድምየው ግን አልተዋጠለትም። ዘመድ ሲያየው መሳቂያ እንሆናለን፣ ለእኔ ስጪኝና እኔ አጠራዋለሁ ብሎ እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ሰደደ።

"አትነካውም" አለችው እህቱ። ቱታ የቀጠለችበትን ሙከራ አጠፋችው። ሱፍ ያለበትን ተንቀሳቃሽ ምስል ደግሞ በምንም ላይ ሳትደርብ ለብቻው፣ በአዲስ ስም አስቀመጠችው።