የልጇ ባቡር

ተቆጣጣሪው "ትኬት" ሲላት፣ ልብስ ሰፊዋ ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን የዩኒፎርም ጥቅል እንዳቀፈች በአገጯ ወደ ኋላው ጠቆመች።

"ከልጄ ጋር ነኝ።"

ልጇ ትኬት መብሻውን ይዞ ከተቆጣጣሪው ጀርባ ቆሟል።

ከተቀጠረ ስምንት ወሩ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ የሰፋችውን የተማሪ ልብስ ለባለሱቁ ልታደርስ ስትሄድ አንድም ቀን ትኬት ቆርጣ አታውቅም። ለምኗታል፤ እኔው ልቁረጥልሽም ብሏታል። እሷ ግን የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ፣ ትኬት ለእንግዳ ነው፣ በልጄ ባቡር ምን በወጣኝ እከፍላለሁ ትል ነበር። ባለፈው ወር ዘመድ በነፃ የጫኑ ሁለት ትኬተሮች መባረራቸውን ሲነግራትም፣ እነሱ የጫኑት አክስት ነው፣ አክስትና እናት አንድ ነው እንዴ ብላ ሳቀችበት።

"እናትህ ናቸው?" አለ ተቆጣጣሪው ዞር ብሎ።

ልጁ መብሻውን አንዴ ጠቅ አደረገ።

"አላውቃቸውም። በዚህ መስመር እንዲህ የሚሉ ብዙ ናቸው።"

"እንግዲያው እኔም አጎቱ ነኝ" አለ ከኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ። ተሳፋሪው ሳቀ።

ስልኳ ውስጥ ፎቶ አለ፤ በተመረቀ ቀን ትከሻዋን አቅፎ የተነሳው። ብታወጣው ሥራው አለቀለት። እጇ ኪሷ ድረስ ሄዶ ተመለሰ።

"ተሳስቼ ነው" አለች።

በሚቀጥለው ጣቢያ እንዲያወርዳት ልጁ ታዘዘ። ክንዷን ይዞ አወረዳት።

"ቀስ ይበሉ፣ እናት" አለ፣ ተቆጣጣሪው እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

ጥበቃ ክፍል ውስጥ ቅጣቷን ከፍላ፣ ያለ ትኬት መሳፈሯን አምና ፈረመች። ጥበቃው ወረቀቱን እያጠፈ፣ በዚህ ዕድሜ በሰው ልጅ ላይ መዋሸት ነውር ነው ብሎ መከራት። እሺ አለችው። እኩለ ቀን ላይ ባለሱቁ ደወለ፤ ጠብቆ ጠብቆ ስትቀርበት ዩኒፎርሙን ከሌላ ሰፊ ወስዷል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልጇ ባቡር ተመለሰ። ልጁ ጣቢያው ውስጥ ወደተቀመጠችበት እየሮጠ መጣ። ተቆጣጣሪው መንገድ ላይ መውረዱን ነገራት፤ ራሱ የቆረጠላትን ትኬት አስጨበጣት።

"እማዬ፣ ምን ላድርግ? ልባረርልሽ?"

"የለም። ደግ አደረግህ።"

"እንግዲያው ነይ፣ ከፊት እኔ ጋ ተቀመጪ።"

ጥቅሉን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። እስከ መጨረሻው ፉርጎ በእግሯ ሄዳ ከማታውቃቸው ሰዎች መሃል ተቀመጠች።

ባቡሩ ከተነሳ በኋላ ትኬት እየበሳ መጣ። ከአጠገቧ የተቀመጠውን ሰው ትኬት በሳ፤ እሷን እንዳላየ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈ።

"ወንድም" አለችው፣ ትኬቷን ዘርግታ፣ "የእኔን አላዩትም።"