ሙሽራዋ የመረጠችው ጎማ

ዛኪር የሀብሩ ሰው ነው። ማንጎና ብርቱካን ጭኖ ወልድያ የሚያደርስባት አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የፒካፗ አራቱም ጎማዎች አልቀው ልሙጥ ሆነው ነበር። እህቱ ረሂማ ደግሞ ረመዳን ሳይገባ ረዲ የሚባል የወልድያ ነጋዴ ልታገባ ነው። ቤታቸው ከመርሳ አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ያለ በመሆኑ ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ ጭቃ ብቻ ይሆናል።

ዛኪር ጎማ ሊገዛ ሲነሳ ረሂማ እኔም እሄዳለሁ አለች። ሦስት ዓመት ከጎኑ ተቀምጣ ፍሬ ስትሸጥ ስለኖረች መንገዱን ከእሱ እኩል ታውቀዋለች። እናታቸው ሙሽራ ከቤት አትወጣም ብለው ቢቆጡም አልቀረችም።

የወልድያው ጎማ ሻጭ ጋሽ ሀብቴ ሦስት ዓይነት ጎማ አውጥተው በረንዳው ላይ አቆሙላቸው። አንደኛው ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የአስፋልት ጎማ ነው። ሁለተኛው ጥርሱ ጡብ የሚያህል የጭቃ ጎማ። ሦስተኛው ለክረምትም ለበጋም ይሆናል የሚባለው መካከለኛው ነው። የዛኪር ልብ ወዲያው ወደ ጭቃው ጎማ ሄደ። ጋሽ ሀብቴ ግን አስፋልት ላይ እንደሚጮህና ቶሎ እንደሚያልቅ ሳይደብቁ ነገሩት።

ረሂማ ውሃ ጠየቀች። የጠማት መስሏቸው በጆግ ሰጧት። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ውሃውን በየጎማው ላይ አፈሰሰችው። በአስፋልቱ ጎማ ላይ ውሃው ደቃቆቹ ጥርሶች መሐል ተኝቶ ቀረ፤ በሁለቱ ላይ ግን ወደ ጎን ወረደ። ቀጥላ ከደጅ ጭቃ ዘገነችና ጥርሶቹ መሐል ጠቅጥቃ ጎማዎቹን አንከባለለቻቸው። ከመካከለኛው ላይ ጭቃው አብዛኛው ረገፈ። ጋሽ ሀብቴ በሃያ ዓመት ሥራቸው እንዲህ አድርጎ የሚገዛ ሰው አላየሁም ብለው ሳቁ።

«ዛኪር፣ ጭቃው የሦስት ወር ነው» አለች። «ለሦስት ወር ብለን ዓመቱን ሙሉ ሲጮህብን አንኖርም። መካከለኛው ይሁን።»

ዛኪር ጥቂት አኮረፈ፤ በኋላ ግን ሠርጉ የእሷ ነው ብሎ እሺ አለ። ጋሽ ሀብቴ ጎማው የተሠራበትን ዓመት ከጎኑ ላይ አሳይተው አራቱንም ገጠሙላቸው።

የሠርጉ ዕለት ከማለዳ ጀምሮ ዘነበ። ዳሱ በሰው ሞልቶ ሙሽራው ግን ቀረ። ረፋዱ ላይ አንድ ጎረቤት እየሮጠ መጥቶ የሙሽራው መኪና ከቤታቸው በታች ካለው ወንዝ ማዶ ጭቃ ውስጥ መቀርቀሯን ተናገረ። ዛኪር ገመድ ይዞ በፒካፗ ወረደ። ቁልቁለቱ ላይ ጎማዎቹ አንድ ጊዜ ተንሸራተቱና መልሰው መሬቱን ያዙ።

የረዲን መኪና ጎትቶ ከጭቃው አወጣት፤ ዳገቱን ግን በራሷ መውጣት አቃታት። ስለዚህ ሙሽራውንና ሚዜዎቹን በፒካፗ ጫነ። ረዲ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ደረሰ። ሴቶቹ ድቤ እየመቱ ሲቀበሉት ረሂማ በመስኮት አየችው። ሙሽራ መሆኗን ረስታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ኒካሁ ታሰረ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሙሽሮቹ በፒካፗ ሊሄዱ ሲሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የነዛኪር አክስት ከድጃ እኔም እስከ ወልድያ ካልሸኘኋት ብለው የፊት ወንበሩ ላይ ወጡ። ሊያስወርዳቸው የደፈረ አልነበረም። ረሂማና ረዲ ከኋላ ከሚዜዎቹ ጋር ተጫኑ። መርሳ እስኪደርሱ ሲዘፍኑ፣ በየደጁ የቆመው ሰው ሁሉ እጁን እያውለበለበ ሸኛቸው።