ሳሎኑ ለሁለት ሲከፈል

የልብስ ሰፊዋ ሳሎን የሥራ ቦታዋም፣ የልጆቿ ማጥኛም፣ የባሏ አባት መኝታም ነበር። ሽማግሌው ምሳ በልተው ጋደም ሲሉ የስፌት መኪናዋ ጆሯቸው ሥር ይንኳኳል፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም። ዝምታቸው አንጀቷን በላው።

አናጢ ጠርታ ጎማ ያለው ረጅም የመጽሐፍ መደርደሪያ አሠራችና ሳሎኑን ለሁለት ከፈለችው። እሷና መኪናዋ በመስኮቱ በኩል፣ አማቷና ልጆቹ በወዲያኛው በኩል ሆኑ።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ከስፌቷ ቀና ስትል አማቷ ትራሳቸውን ታቅፈው ቆመዋል።

«ምነው አባባ፣ አሁንም ይረብሽዎታል?»

«ኧረ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር ብሎ ነው፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት ባቡር ነድቻለሁ። የመኪናሽ ድምፅ ሲርቀኝ ባቡሩ የቆመ እየመሰለኝ ብድግ እላለሁ።»

«እየነዱ ይተኙ ነበር እንዴ?»

«ተረኛው ሌላ ሲሆን ነዋ» አሉ ኮስተር ብለው።

ሳቋ አመለጣት። ልጆቹን ጠርታ መደርደሪያውን ገፋ አደረጉና አልጋውን ከስፌት መኪናው ጎን አስጠጉት። ጸጥታው ለልጆቹ ተረፈ። እሷ የጀመረችውን እጅጌ ሳትጨርስ አማቷ ማንኮራፋት ጀመሩ።