ቀዩ በቆሎ

«የሜክሲኮ እራት ጂንካ ላይ ምን አባቱ ይከብዳል!» አለች ሰብለ፣ ስልኳ ላይ ያየችው አምሯት። ጓዳ ያለውን አወጣች፤ ቦሎቄ፣ አቮካዶ፣ ሚጥሚጣ። ሌላ ጊዜ እንግዳ ምግብ የሚጸየፉት አማቷ እማማ ጤናዬ እንኳ ለቂጣው በቆሎ አስፈጩላት፤ ከዚያም አልፈው ዶሯቸውን አሳረዱላት።

ልጆቹ ዶሮውን በቂጣው ጠቅልለው በልተው ሲጨርሱ ባሏ ደምሰው ከጓዳ ጮኸ።

«ቀዩ በቆሎ የታለ? ለዘር መርዝ የተቀባው!»

ሰብለ ወደ ልጆቹ ዞረች። ዓይኗ ከልጆቹ አፍ ላይ አልነቀል አለ። «ዱቄቱ...» አለች።

«ያስፈጨሁት ነጩን ነው፤ ምን ያስደነግጥሻል?» ቆጣ አሉ እማማ ጤናዬ።

ሰብለ «ተመስገን!» ብላ መሬት ላይ ተዘረፈጠች።

«ቀዩንማ ለዶሮዋ በተንኩላት። ወዲያው አዙሯት ተንገዳገደች፤ ሳትሞት ብዬ ነው ያሳረድኳት።»