ለቃሪያው የመጣ ነጭ ወይን

ጓደኞቹ «ቀማሹ» ይሉታል። ወይን ጠጅ ፋብሪካ በርሜል አጣቢ ሆኖ ገብቶ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከእጁ ይልቅ ምላሱ የታመነለት ሰው ነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ጓደኛው «ቅዳሜ ቃሪያ የበዛበት ዶሮ እሠራለሁ፤ መጠጡን አንተ ምረጥ» ስትለው፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ ማስተማር ጀመረ።

«ጠንካራ ቀይ እንዳታስቡ! ቃሪያ ላይ እሱን መጠጣት እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ነው። ለስለስ ያለ፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል ነጭ፣ በደንብ ቀዝቅዞ። ሲያቃጥላችሁ እንደ ሙሽራ አትቅመሱት፤ ጎንጨት አድርጋችሁ ዋጡት።»

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ለሠራተኛ ከሚሰጠው፣ ምልክት ካልተለጠፈበት ወይን ሁለት ነጭና ከምግብ በኋላ የሚጠጣ አንድ ቀይ ከመደርደሪያው አንስቶ እየሮጠ ወሰደላቸው። በር ላይ የተቀበለው ባሏ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነበር። «ነጮቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ ክተታቸው» ብሎት ወደ ሥራው ተመለሰ።

የሥራ መውጫው ሰዓት ሲቃረብ አንድ በርሜል ማጠብ ቀርቶት ነበር። ማጠቢያው መድኃኒት ቆዳ የሚልጥ ነው። ጠዋት ጀሪካኑ ተሰንጥቆ ሲያንጠባጥብ፣ የተረፈውን ባዶ የወይን ጠርሙስ ውስጥ ገልብጦ፣ በአሮጌ ቡሽ ደፍኖ፣ እዚያው ወይኖቹ ያሉበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጦት ነበር። በመጠጥ ዕቃ መድኃኒት ማስቀመጥ ክልክል መሆኑን ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ በትልልቅ ፊደል ይናገራል። «አሁኑኑ ወረቀት እለጥፍበታለሁ» ሲል አለቃው ጠራው፤ በዚያው ረሳው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ግን ማፍሰሱንም አላወቀም።

ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አወረደ። ቡሹን ሲነቅለው የበሰለ ፍሬ ሽታ አፍንጫውን ሞላው።

ክው አለ። እጁ ላይ ያለው ለእራት የመረጠው ነጭ ወይን ነው። ታዲያ መድኃኒቱ?

ልብስ ሰፊዋ ጋ ደወለ። ይጠራል፤ አይነሳም። ባሏ ጋ ደወለ፤ ተዘግቷል። እንደገና እሷ ጋ። ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ወጥቶ ታክሲ ውስጥ ገባ፤ ሦስት መንገድ እንደተሻገሩ መኪናው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሩን ከፍቶ ዘለለና መሮጥ ጀመረ። ጆሮው ውስጥ የገዛ ድምፁ ይጮኽበታል፤ ጎንጨት አድርጋችሁ ዋጡት፣ ጎንጨት አድርጋችሁ ዋጡት። ሰው እየገፋ፣ እየተሰደበ ሮጠ። ላቡ ቀዝቃዛ ነበር።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን አጋምሶ ሳለ ከላይ ጩኸት ሰማ።

«ኧረ ተቃጠልኩ! ውኃ! ውኃ!»

የደረጃውን ብረት ይዞ ራሱን እየጎተተ ወጣና በሩን በትከሻው በረገደው። ጠረጴዛው ጋ ጓደኛቸው መምህሩ አፉን ከፍቶ በእጁ ያራግባል፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በሳቅ ይንፈራፈራል።

«ቃሪያውን ከነፍሬው ዋጠው!» አለ ባልየው። «ምነው፣ ሰላምታም የለ?»

«ነጩስ? ከነጩ ማን ጠጣ?»

«አንዱን ጨርሰነው፣ ግሩም ነው። ሁለተኛውን እሷ ወጥ ቤት ከፍታዋለች።»

ወጥ ቤት ገባ። ልብስ ሰፊዋ ምድጃው አጠገብ ቆማለች፤ በአንድ እጇ ኩባያ ይዛለች፣ በሌላው ከንፈሯን።

«ይሄ ቃሪያ ዛሬ ጉድ ሠራኝ» አለችው። «ያንተ ወይን ደግሞ ጭራሽ አባሰብኝ።»

ኩባያውን ነጠቃት። ጣቱን ነክሮ አሻሸው፤ እንደ ሳሙና ያሟልጫል።

«ዋጥሽው?»

«ምኑን?»

«ዋጥሽው ወይ?!»

«ኧረ አልዋጥኩም፤ ጣዕሙ ሲያስጠላኝ ተፋሁት። ምነው? ምንድን ነው?» ፊቱን ስታየው የሷም ፊት አመድ መሰለ።

ቧንቧውን ከፍቶ አንገቷን ጎንበስ አደረጋት። «ተጉመጥመጪ! ትፊው! ደግመሽ! እንዳትውጪ!» ባልየው እየሮጠ ገብቶ ኮሌታውን ጨመደደው። መምህሩ ከኋላ «በጨው ውኃ እናስመልሳት!» አለ።

«እንዳታስመልሷት!» ብሎ ጮኸ ቀማሹ። «ወርዶ ከሆነ ሲመለስ እንደገና ነው የሚያቃጥላት።» ይህም ፋብሪካው ግድግዳ ላይ በዚያው ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ነበር።

ሕክምና ቤት ሲደርሱ ከንፈሯ አብጦ መናገር አቅቷት ነበር። ሐኪሟ «ምንድን ነው የቀመሰችው?» ብላ ጠየቀች። ለቀማሹ እስር ቤት ታየው፤ ከሥራ መባረር ታየው፤ የባልየው ቡጢ ደግሞ እዚያው ከጎኑ ነው። «ወይኑ ሳይበላሽ አልቀረም» ማለት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ትክ ብላ አየችው። እሱ ምን እንደሚል እሷም እየጠበቀች ነበር።

«የበርሜል ማጠቢያ ነው» አለ። «ወይን ጠርሙስ ውስጥ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።» የመድኃኒቱን ስምና መጠኑን ነገራት።

«እንኳን ተናገሩ» አለች ሐኪሟ፤ «ጉሮሮዋን ማየት አለብኝ።» ይዛት ገባች።

መምህሩ ቤቱን ሊጠብቅ ቀርቷል፤ አግዳሚው ላይ ባልየውና ቀማሹ ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀማሹ ብድግ ይላል። ባልየው ግን አንዴም አልተንቀሳቀሰም። ያ ነበር ይበልጥ የሚያስፈራው።

በመጨረሻ ሐኪሟ ወጣች። ጉሮሮዋ ደህና ነው። የተቃጠለው ከንፈሯና የምላሷ ጫፍ ነው፤ ይድናል። ለጥቂት ቀናት ለስላሳና ቀዝቃዛ ምግብ ብቻ።

ባልየው ተነሣ። «አሥራ አምስት ዓመት ወንድሜ ስልህ ኖሬያለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ ግን ከፊቴ ጥፋ።»

ሰኞ ቀማሹ የሠራውን ሁሉ ለአለቃው ተናገረ። ለአንድ ወር ከሥራ ታገደ። በዚያ ወር ውስጥ ውኃ እንኳ ሳያሸት አልጠጣም።

ወሩ ሊሞላ ሲል ልብስ ሰፊዋ ደወለችለት። «ዶሮ ሠርቻለሁ፤ ናና ብላ። ወይኑን እኔ ገዝቻለሁ።»

ሄደ። ባልየው በሩን ከፈተለት እንጂ ቃል አልተናገረም። ቀማሹ የታሸገውን ጠርሙስ ከፍቶ አሸተተ፤ ለራሱ ቀዳ። ብርጭቆው ከጥርሱ ጋር እየተጋጨ ጠጣ። ወይኑ በቀማሹ ጉሮሮ እስኪወርድ ድረስ ባልየው ዓይኑን ከሱ ላይ አልነቀለም። ከዚያ ተነሥቶ በማሰሮ ውኃ አመጣና ለራሱ ቀዳ።

እሷ ግን ብርጭቆዋን ዘረጋችለት።

«ትንሽ ብቻ» አለች። «እፈራለሁ፤ ግን ቅዳልኝ።»